የቼዝ ታክቲክ መልመጃን ከራስ ጨዋታ በኮምፒዩተር ስለማዘጋጀት

በሪያድ መካከል፣ ከሙረባዕ ቤተ መንግሥት ብዙም በማይርቀው በፉጣ ሰፈር የምንገኝ ተማሪዎች ዐርብ ዐርብ ስንሰባሰብ ቼዝ መጫወት ልማዳችን ከሆነ ውሎ አድሯል። ጨዋታው ይሞቃል፤ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ይበልጥ ይከራከራል፤ ሻይ ይቀዳል። መጨረሻ ላይ ግን ጠጠሮቹ ተሰብስበው ወደ ሣጥናቸው ሲመለሱ ከጨዋታው አንዳችም ነገር አይተርፍም። በመሆኑም ባለፈው ሳምንት በፈረስ መንታ ጥቃት ግንቡን የተነጠቀ ጓደኛችን በዚህኛውም ሳምንት በዚያው ዐይነት ጥቃት ግንቡን ይነጠቃል። ብዙ መጫወት ብቻውን ብዙ ማወቅ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። አንደኛው፣ ማንኛውም ተማሪ በነፃ በሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተጠቅሞ ከገዛ ራሱ ጨዋታዎች የታክቲክ መልመጃ እንዴት ሊያዘጋጅ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ሥራ ፍሬ የሚሰጠው አንድ ቀላል፣ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ችላ የተባለ ተግባር ሲቀድመው ብቻ መሆኑን ነው። ይኸውም ጨዋታን በጽሑፍ መመዝገብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

1. የታክቲክ መልመጃ ምንድን ነው?

በቼዝ ታክቲክ የምንለው በጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ተጨባጭ ውጤት የሚያስገኝ ዘዴ ነው። ውጤቱ ጠጠር መማረክ፣ ንጉሥን ማጥመድ ወይም ከሽንፈት ማምለጥ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጠጠር ሁለት ጠጠሮችን በአንድ ጊዜ ማጥቃት፣ የባላጋራን ጠጠር ከንጉሡ ወይም ከንግሥቱ ፊት አስሮ ማስቀረት፣ ተከላካዩን አባብሎ ከቦታው ማስለቀቅ ከዋና ዋናዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው። መልመጃ ማለት ደግሞ እንዲህ ያለ ዘዴ የተደበቀበትን አሰላለፍ ከጨዋታው ነጥሎ በማውጣት «ነጭ ይጫወታል፤ ምን ያድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማንበብ የለመደ ሰው ቃሉን በጠቅላላው እንጂ ፊደል በፊደል እየቆጠረ እንደማያነበው ሁሉ፣ አንድን ቅርጽ ደጋግሞ ያየ ተጫዋችም በጨዋታ መካከል ብዙ ሳይደክም ያገኘዋል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ከታላላቅ ተጫዋቾች መካከል የነበሩት አል-ዐድሊና አስ-ሱሊ፣ ሻትራንጅ ስለሚባለው የዛሬው ቼዝ አባት መጻሕፍት ጽፈዋል። «መንሱባት» የሚባሉትን፣ ለመፍትሔ የሚቀርቡ አሰላለፎችም አሰባስበው ትተዋል። አስ-ሱሊ ካቀረባቸው አንዱ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ፈቺ አጥቶ ከኖረ በኋላ በሃያኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ገደማ የሶቪየቱ የቼዝ ሊቅ ዩሪ አቨርባክ ፈትቶታል። አስ-ሱሊ በሞተ በሺህ ዓመቱ ሌላውን ሊያስተምር የቻለው አሰላለፉን በወረቀት ላይ ስላሰፈረ ነው።

2. የእኛ ሰንጠረዥና ያጣነው መዝገብ

በዚህ ረገድ የራሳችን ታሪክ የሚነግረን ነገር አለ። ሰንጠረዥ በአገራችን በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ ለብዙ ዘመናት ሲጫወቱት የኖረ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መግቢያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር በመጽሐፉ አስፍሯል። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና ሜደቅ ይባላሉ። ገበታውም ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የተፈራረቀ እንጨት ሳይሆን መሥመር የተሠመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር።

ሰንጠረዥን ከሌሎች የቼዝ ዘመዶች የሚለየው «ወረራ» የሚባለው መክፈቻው ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈቀደው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ተራ በተራ ይሆናል። ከዚህም በላይ የማሸነፊያው መንገድ ክብር ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማጥመድ ተራ ነገር ሲሆን፣ በደካሞቹ ጠጠሮች ማጥመድ ግን የሚያስመሰግን ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ብልህ ጨዋታ እንደታየ መገመት ይቻላል። ዛሬ ግን ስለ ሰንጠረዥ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በአብዛኛው የሚያገኘው የውጭ አገር ተጓዦች የጻፉትንና ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጣውን ጥናት ነው። ሕጎቹንና ልማዱን እናውቃለን፤ ጨዋታዎቹን ግን አናውቅም። ጨዋታን እርምጃ በእርምጃ የመመዝገብ ልማድ አልነበረምና። ወረራውም ተራ የሌለው በመሆኑ ለመዝገብ አይመችም ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር እናነጻጽር። በዲሴምበር 2017 የዓለም የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮና እዚሁ ሪያድ ውስጥ ተካሂዶ፣ በራፒድ ሕንዳዊው ቪስዋናታን አናንድ፣ በብሊትዝ ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን አሸንፈዋል። በዚያ ውድድር የተደረጉ ጨዋታዎች ተመዝግበው ስለተቀመጡ ማንም ሰው ዛሬ አውጥቶ ሊያጠናቸው፣ ካርልሰን ራሱ የተሳሳተበትን ቦታ እየነቀሰ መልመጃ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያው ከተማ የማይወጣው የእኛ የፉጣ ጨዋታ ግን በዚያው ምሽት ይጠፋል። ልዩነቱን የችሎታ ብቻ አድርገን መመልከት የለብንም። የመዝገብም ልዩነት ነው።

3. ፕሮግራሙ ሥራውን እንዴት ይሠራል?

ለዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ የተጻፈ ጨዋታ፣ አሰላለፍን የሚመዝን ፕሮግራም፣ እንዲሁም ከተመዘኑት መካከል መልመጃ የሚሆነውን የሚያጣራ መመሪያ።

የተጻፈው ጨዋታ ኮምፒዩተር በሚያነበው ፒ.ጂ.ኤን. በሚባለው አጻጻፍ መቅረብ አለበት። ይህ ስቲቨን ኤድዋርድስ በ1993 ያዘጋጀው ሥርዐት ሲሆን፣ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም መጻፊያ ፕሮግራም ሊከፈት ይችላል። ከጨዋታው መካከል አንድን አሰላለፍ ብቻ ለማመልከት ደግሞ ኤፍ.ኢ.ኤን. የሚባል አጻጻፍ አለ። የስድሳ አራቱን ቤቶች ይዞታና ተራው የማን እንደሆነ በአንዲት መሥመር ያስቀምጣል።

አሰላለፍን የሚመዝነው ፕሮግራም «ሞተር» ይባላል። ዛሬ ከሁሉ የታወቀው በ2008 የተጀመረው ስቶክፊሽ ነው። ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የአሠራሩ ጽሑፍም ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሞተሩ የቀረበለትን አሰላለፍ እጅግ ብዙ በሆኑ የእርምጃ ቅርንጫፎች መርምሮ ውጤቱን በቁጥር ይነግረናል። ቁጥሩ ከዜሮ ከበለጠ ነጭ ይሻላል፤ ካነሰ ጥቁር ይሻላል። በግምት አንድ ቁጥር የአንድን ወታደር ያህል ብልጫ ያሳያል። ቼክሜት ካየም ስንት እርምጃ እንደቀረው ይናገራል።

ታዲያ መልመጃው ከየት ይመጣል? ሞተሩ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርምጃ በእርምጃ ሲመዝን ቁጥሩ አንዳንድ ቦታ በድንገት ይዘላል። ከእርምጃው በፊት ዜሮ ገደማ የነበረው ከእርምጃው በኋላ አምስት ከሆነ፣ አንዱ ተጫዋች ከባድ ስሕተት ሠርቷል፤ ለባላጋራውም ስሕተቱን የሚቀጣበት መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህ ቦታ ለመልመጃ ዕጩ ይሆናል። ሆኖም ዕጩው ሁሉ አያልፍም። ማጣሪያው ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ አለበት።

ሀ/ የቁጥሩ ዝላይ በቂ ነውን? ጥቂት ልዩነት የታክቲክ ምልክት አይደለም።

ለ/ መልሱ አንድ ብቻ ነውን? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ሞተሩ የመጀመሪያውን ምርጥ እርምጃ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም እንዲያሳይ መታዘዝ አለበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም ካልራቀ ተማሪው ትክክል መልስ ሰጥቶ «ተሳስተሃል» ሊባል ይችላልና መልመጃው ይጣላል።

ሐ/ ተጫዋቹ ከስሕተቱ በፊትም በብዙ ይበልጥ ነበርን? አስቀድሞ ያለቀ ጨዋታ አያስተምርም።

መ/ መልሱ የተበላን ጠጠር መልሶ መብላት ብቻ ነውን? ይህን ማንም ያየዋል።

ይህን ማጣሪያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። ቋንቋውን ለጀመሩ ተማሪዎቻችን ፓይተን-ቼስ የተባለው ነፃ መሣሪያ ጨዋታውን የማንበቡንና ሞተሩን የማዘዙን ሥራ ያቃልልላቸዋል። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰውም ቢሆን ሊቼስ በሚባለው ነፃ የቼዝ ድረ ገጽ ወይም ስኪድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጨዋታውን አስመርምሮ ቁጥሩ የዘለለበትን ቦታ በዐይኑ ሊለቅም ይችላል። ሊቼስ ራሱ በዚህ ዘዴ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ጨዋታዎች ከአምስት ሚሊዮን በላይ መልመጃዎች አውጥቶ ማንም በነፃ እንዲወስዳቸው ክፍት አድርጓል። የመልመጃውን ክብደት የሚወስነውም በሚገባ የታሰበበት መንገድ ነው። ሰውና መልመጃ እንደ ሁለት ባላጋራ ይቆጠራሉ። መልመጃው ብዙ ብርቱ ተጫዋቾችን ሲያሳስት ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ደካማው ሁሉ ሲፈታው ዝቅ ይላል።

«አምስት ሚሊዮን መልመጃ ካለ የራሳችንን ማዘጋጀት ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። የሌላ ሰው ስሕተት ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የራሳችን ስሕተት እኛ በምንወደው መክፈቻ፣ እኛ በምናስብበት ልማድ የተሠራ በመሆኑ ነገም ተመልሶ የሚመጣው እሱ ነው።

4. አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በፓሪስ በነበረው በለጋል ስም የሚጠራውን ወጥመድ እንውሰድ። ከነጭ በኩል ሆነን ስንመለከት ከግራ ወደ ቀኝ ያሉትን ስምንት ዓምዶች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብለን እንሰይም። አግዳሚዎቹን ከነጭ ጀምረን ከ1 እስከ 8 እንቁጠር። አንባቢው ገበታ ቢዘረጋ ይመረጣል።

1ኛ/ ነጭ ወታደር ወደ ሠ4፤ ጥቁር ወታደር ወደ ሠ5።
2ኛ/ ነጭ ፈረስ ወደ ረ3፤ ጥቁር ወታደር ወደ መ6።
3ኛ/ ነጭ ጳጳስ ወደ ሐ4፤ ጥቁር ጳጳስ ወደ ሰ4።
4ኛ/ ነጭ ፈረስ ወደ ሐ3፤ ጥቁር ወታደር ወደ ሰ6።
5ኛ/ የነጭ ፈረስ ከረ3 ተነሥቶ ሠ5 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፤ የጥቁር ጳጳስ መ1 ላይ ያለችውን ንግሥት ይበላል።
6ኛ/ የነጭ ጳጳስ ረ7 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል፤ የጥቁር ንጉሥ ወደ ሠ7 ይሄዳል፤ ሌላ ቤት የለውም።
7ኛ/ ሐ3 ላይ ያለው የነጭ ፈረስ ወደ መ5፤ ቼክሜት።

ሞተሩ ይህን ጨዋታ ሲመዝን ትልቁን ዝላይ የሚያገኘው በ5ኛው የጥቁር እርምጃ ላይ ነው። ጥቁር ንግሥቲቱን ባይበላ ኖሮ በአንድ ወታደር ያህል ብቻ ይበለጥ ነበር። ስለበላ ግን በሁለት እርምጃ ቼክሜት ይሆናል። መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ ነጭ ከጳጳሱ እርምጃ ሌላ ቢጫወት ንግሥቱን አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ማጣሪያው መልመጃውን ከጥቁር ጳጳስ እርምጃ ቀጥሎ ይቆርጠዋል። ለተማሪው ሲቀርብም ያችን የስሕተት እርምጃ አስቀድሞ ማሳየቱ ይበጃል፤ ምን እንደተለወጠ አይቶ እንዲነሣ።

5. ማሽኑ የማይሠራው

በዚሁ ምሳሌ የማሽኑን ጉድለት ማየት ይቻላል። ማጣሪያው ቆርጦ ያቀረበው የቀለለውን ግማሽ ነው። ንግሥት የጠፋበት ተጫዋች ቼክ መፈለጉ አይቀርምና ያገኘዋል። ከባዱ ጥያቄ ያለው ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። ፈረሱ በጥቁር ጳጳስ ከንግሥቲቱ ፊት ታስሮ ሳለ ሊንቀሳቀስ ይችላልን? ጥቁር ንግሥቲቱን ትቶ በመ6 ወታደሩ ፈረሱን ቢበላስ? ያን ጊዜ የነጭ ንግሥት ሰ4 ላይ ያለውን ጳጳስ በልታ ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። የአንድ ወታደር ብልጫ ግን ከፍ ያለ ገደብ የተሰጠውን ማጣሪያ አያልፍም። ስለዚህ ትምህርቱ ያለበትን ቦታ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉድለት ማሽኑ «ምን» ብሎ እንጂ «ለምን» ብሎ አለመናገሩ ነው። ቁጥርና የእርምጃ ተርታ ይሰጠናል። «ፈረሱ የታሰረ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን የታሰረበት ጠጠር ቢወሰድም ንጉሡ ራቁቱን ነበር» የምትለውን ዐረፍተ ነገር የሚጽፈው ሰው ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ መጻፍ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው። እዚህ ሪያድ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች ቼዝን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ያገኙታል። በአገር ቤትም አማርኛ ብቻ የሚያነብ ልጅ ከእነዚያ ሚሊዮን መልመጃዎች ጋር የሚያገናኘው ማብራሪያ እንደ ልብ አያገኝም።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። መልመጃ ሲቀርብልን አንድ ነገር እንዳለ አስቀድመን እናውቃለን። በጨዋታ ጊዜ ግን «አሁን ታክቲክ አለ» ብሎ ትከሻችንን የሚነካን የለም። በመሆኑም መቶ መልመጃ የፈታ ሰው በጨዋታ ላይ ያልነበረ ታክቲክ ሲፈልግ ጠጠሩን በከንቱ ይሠዋል። መድኃኒቱ ከራሳችን ጨዋታ ውስጥ ምንም ዘዴ የሌለባቸውን ጸጥ ያሉ አሰላለፎች መርጦ ከመልመጃዎቹ ጋር መቀላቀል ነው። የእነዚህ ትክክለኛ መልስ «ምንም የለም፤ ጠጠሮቼን አሻሽላለሁ» የሚል ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ሞተር የሚከፈተው ካለቀ ጨዋታ በኋላ ብቻ ነው። በጨዋታ መካከል የሚመለከተው ሰው ባላጋራውን ከማታለሉም በላይ የራሱን ስሕተት ሳይሠራው ስለሚያጠፋው ለመልመጃ የሚሆን ነገር አይኖረውም።

6. በተግባር እንዴት እንጀምር?

1ኛ/ እያንዳንዱ ተጫዋች ደብተር ይያዝ። እርምጃውን ከተጫወተ በኋላ ይጻፈው። በጣም ፈጣን በሆነ ጨዋታ ይህ አይቻልምና በሳምንት ቢያንስ አንድ ረዘም ያለ ጨዋታ ለመዝገብ ይመደብ።

2ኛ/ በዚያው ምሽት፣ ሞተር ከመከፈቱ በፊት ሁለቱ ተጫዋቾች አብረው ይመርምሩት። የት የተሳሳቱ እንደሚመስላቸው በደብተሩ ኅዳግ ምልክት ያድርጉ። በኋላ ከሞተሩ ፍርድ ጋር ሲያነጻጽሩት ብዙ ይማሩበታል።

3ኛ/ ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥና ለሞተሩ ይሰጥ። በአርባ እርምጃ ያለቀ ጨዋታ ሰማንያ ያህል አሰላለፍ አለው። ለእያንዳንዱ አምስት ሰከንድ ቢሰጥ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የዐሥር ጨዋታ ምርመራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

4ኛ/ በማጣሪያው ያለፉትን ሰው ይያቸው። ሊገባንና ልናስረዳው የማንችለው መፍትሔ፣ ሞተሩ ትክክል ነው ቢልም፣ ለጊዜው ይቆይ።

5ኛ/ ለእያንዳንዱ ከሁለት ዐረፍተ ነገር ያልበለጠ ማብራሪያ በአማርኛ ይጻፍ። በጥያቄው ላይ ግን «መንታ ጥቃት» የሚል ርእስ አይሰጠው፤ ርእሱ መልሱን ይናገራልና። የተሳሳተውም ሰው ስም አይጠቀስ። ስሙ ሲወጣ ያፈረ ሰው ሁለተኛ ደብተሩን አያመጣም።

6ኛ/ የተሳሳትናቸው መልመጃዎች በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ይደገሙ። አንድ ጊዜ ተፈትቶ የተጣለ መልመጃ እምብዛም አይጠቅምም።

ስለ ሰንጠረዥም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ሰንጠረዥን የሚያውቁ አባቶችና አጎቶች ያሏችሁ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ስትገቡ አብራችሁ ተጫወቱ። ወረራው እንደ ልማዱ ይሩጥ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ጥቂት አቁሙና አሰላለፉን ሣሉ ወይም በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራ በተራ ስለሆነ እንደ ቼዝ ሊጻፍ ይችላል። ከስቶክፊሽ የተወለደው ፌሪ-ስቶክፊሽ የሰንጠረዥን የቅርብ ዘመድ ሻትራንጅን ያውቃል፤ ለሌሎች ሕጎችም ሊስተካከል ይችላል። ማሽኑ በሜደቅ ማሸነፍን በደር ከማሸነፍ አይለየውም፤ ያንን ክብር አባቶች ይንገሩንና አብረን እንጻፈው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፤ የሚጠይቀው ኮምፒዩተር ተራ ነው፤ አሠራሩም ከአንድ ተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም። የሚጎድለን ለፕሮግራሙ የምናቀርብለት የራሳችን ጨዋታ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዐርብ ሲመጣ ከገበታው ጋር ደብተርና እርሳስ ይቅረብ። ዐሥር የተመዘገቡ ጨዋታዎች ከተሰበሰቡ ለአንድ ወር የሚበቃ መልመጃ ይወጣባቸዋል ብለን እናምናለን። በሌሎች ከተሞች ያላችሁ ጓደኞቻችንም የእናንተን ጨዋታ በዚሁ መንገድ አዘጋጅታችሁ ብትልኩልን እየተለዋወጥን እንፈታለን።

ጨዋታችሁን ጻፉ!